የተወጋው ሲረሳ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ አጭር ነው፤ በውስጡ ያለው ፍርድ ግን ከባድ ነው። በደል ሁለት ሰዎችን ያስተሳስራል። አንደኛው በእጁ የሠራውን በማግስቱ ሊረሳው ይችላል። ሌላው ግን ጠባሳውን በዳሰሰ ቁጥር ያስታውሰዋል። እንግዲህ ማስታወስ የተበዳይ ድርሻ ነው ማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢወሰድበት እንኳ ይህቺ የራሱ ሆና ትቀራለች። ታዲያ ነገሩ ቢገለበጥስ? የወጋው እያስታወሰ የተወጋው ቢረሳስ? ያውም እንዲረሳ ያደረገው ራሱ የወጋው ቢሆንስ?

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም። ሱፐርማን ነው።

አንባቢ ፈገግ ቢል አልቀየምም። ካባ ለብሶ በሰማይ የሚበር ጎልማሳ የልጆች ጨዋታ እንጂ የቁም ነገር መነሻ መስሎ አይታይም። ይሁንና ተረት ሁሉ የልጅ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ከተረት ውስጥ የሚወጣውን ፍርድ ያጣል። እኛ በዝንጀሮና በጅብ አፍ ስንትና ስንት ሕግ ስንማር ያደግን ሰዎች በሱፐርማን አፍ የሚነገረውን ለመስማት አንቸገርም።

እኔ ሱፐርማንን ያወቅሁት ደብረ ማርቆስ ነው። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት የሚባለው አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በብርድ ልብስ የተጋረደ አንድ ጠባብ ክፍል ነበር። ሳንቲም ያለው ይገባል። የሌለው ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ድምፁን ያዳምጣል፤ በኋላም ታሪኩን ከገባው ልጅ አፍ ይቀበላል። ተራኪው እንግሊዝኛ ስለማይሰማ የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል። በዚህ ዓይነት አንዱ ፊልም በሰፈሩ ውስጥ አምስትና ስድስት መልክ ይዞ ይኖር ነበር። ስለዚህ አንድ ታሪክ ከአንድ በላይ መልክ ሊኖረው መቻሉ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነብኝ በቅርቡ የሱፐርማንን ሁለተኛ ክፍል ሁለት ቅጂዎች በሁለት ተከታታይ ምሽት ካየሁ በኋላ የተረዳሁት ነው። ሁለቱ ፊልሞች የሚለያዩት በትዕይንት ብዛት ብቻ አይደለም፤ በደል ከተፈጸመ በኋላ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡት መልስም የተለያየ ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን እናስቀድም። አባትና ልጅ የሆኑት ፕሮዲዩሰሮች አሌክሳንደርና ኢልያ ሳልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለት የሱፐርማን ፊልሞችን ባንድ ላይ ማስቀረጽ ጀመሩ። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ዶነር ነበር። ዶነር የሁለተኛውን ፊልም አብዛኛውን ክፍል ከቀረጸ በኋላ የመጀመሪያውን ለማድረስ ሲባል የሁለተኛው ሥራ ተቋረጠ። የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ ወጣና ተወደደ፤ ብዙ ገንዘብም አስገባ። ዶነር ግን ከፕሮዲዩሰሮቹ ጋር በገንዘብና በጊዜ ጉዳይ ተቃቅሮ ስለነበር፣ ያን ሁሉ ገቢ ባመጣ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ተሰናበተ። በእግሩ ሪቻርድ ሌስተር ተተካ። ሌስተር ቀደም ሲል ከቢትልሶች ጋር ፊልም ሠርቶ ስም ያተረፈ ዳይሬክተር ነው። ከዶነር ቀረጻ ከፊሉን ወሰደ፤ ከፊሉን አውጥቶ በራሱ መንገድ እንደገና ቀረጸ፤ መግቢያውንና መጨረሻውን ለወጠ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ በዳይሬክተርነት የተጻፈው የሌስተር ስም ብቻ ነበር።

የተጣለው ቀላል ነገር አልነበረም። የሱፐርማንን አባት ጆር ኤልን ሆኖ የተጫወተው ማርሎን ብራንዶ ለሁለተኛው ክፍል የተቀረጸው ሁሉ ወጣ። ምክንያቱ የጥበብ ሳይሆን የሒሳብ ነበር፤ ምስሉ ከገባ ከገቢው ድርሻ ይጠይቃልና። በአባትየው ቦታ እናትየዋ ላራ ገባች፤ እርሷንም ሱዛና ዮርክ ተጫወተች። ክፉውን ሌክስ ሉተርን የተጫወተው ጂን ሃክማን ደግሞ ለድጋሚ ቀረጻው አልተመለሰም። ስለዚህ በሌስተር ፊልም ውስጥ የሃክማን ፊት በታየ ቁጥር ከካሜራው ጀርባ የነበረው ስሙ ያልተጻፈው ዶነር ነው።

ከ26 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ያ የተጣለ ቀረጻ ከመጋዘን ወጣ። ማይክል ታው የተባለ ኤዲተር ከዶነር ጋር ሆኖ ቁርጥራጩን ቀጣጠለውና «የሪቻርድ ዶነር ቅጂ» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ብራንዶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ግን ሲመለስ ሞቶ ነበር፤ ብራንዶም፣ ሱፐርማንን የተጫወተው ክሪስቶፈር ሪቭም እ.ኤ.አ. በ2004 አርፈዋል። ታዳሹ ፊልምም ለሪቭ መታሰቢያ ሆኗል።

ለመሆኑ ከሁለቱ «ኦሪጅናሉ» የትኛው ነው? መጀመሪያ የታየው ነው እንዳንል የዶነሩ ቀድሞ ተቀርጿል። መጀመሪያ የተቀረጸው ነው እንዳንል የሌስተሩ ቀድሞ አልቆ ለሕዝብ ደርሷል። ነገሩ በኦሪት ዘፍጥረት የትዕማርን መንታ ልጆች ያስታውሰኛል። ዛራ አስቀድሞ እጁን አወጣ፤ አዋላጇም ይህ በኩር ነው ብላ ቀይ ፈትል አሰረችበት። እርሱ ግን እጁን መለሰ፤ ወንድሙ ፋሬስም ቀድሞት ወጣ። የዶነር ፊልም ፈትል የታሰረበት እጅ ነው። ሌስተር ቀድሞ ወጣ፤ ፈትሉ ግን እዚያው ቆየ። ከ26 ዓመት በኋላ ያ እጅ እንደገና ሲወጣ «ይህ አዲስ ነው» ማለትም «ይህ የድሮው ነው» ማለትም እኩል ልክ ናቸው።

ስለዚህ የትኛው ቀደመ የሚለው ክርክር ሩቅ አያደርሰንም። ይልቅ የትኛው ምን መለሰ ብለን እንጠይቅ።

ሱፐርማን ራሱ በመመለስ ታሪክ የተሞላ ፍጥረት ነው። የፈጠሩት ጀሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1938 መብቱን በ130 ዶላር ሸጡት። ገጸ ባሕርይው ለሌሎች ሀብት ሲያፈራ እነርሱ በችግር አረጁ። እ.ኤ.አ. በ1975፣ ነገሩ በአደባባይ ከተነገረ በኋላ፣ ዋርነር ኩባንያ የዓመት ጡረታ ሊከፍላቸውና ስማቸውን በሥራው ላይ ሊመልስ ተስማማ። ልብ በሉ፤ ያ ሽያጭ አልተሰረዘም፤ ያለፈው 37 ዓመትም አልተመለሰም። ስም ግን ተመለሰ። ካሳም፣ ትንሽ ቢሆን፣ ተከፈለ። ይህ አንዱ የመመለስ ዓይነት ነው፤ ያለፈው እንዳለፈ ይታመንበታል፤ ከጎኑ ግን የጎደለው ይጨመራል።

አሁን ወደ ፊልሙ ሆድ እንግባ። በሁለቱም ቅጂዎች አጥንቱ አንድ ነው። ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን፣ የሥራ ባልደረባዋ ዓይን አፋሩ ክላርክ ኬንት ሱፐርማን መሆኑን ትደርስበታለች። እርሱም ይወዳታልና ከእርሷ ጋር ለመኖር ሲል ኃይሉን ትቶ ተራ ሰው ይሆናል። በዚያው ጊዜ ከትውልድ ዓለሙ ከክሪፕቶን ተባረው ታስረው የነበሩ ሦስት ወንጀለኞች፣ ጄኔራል ዞድና ሁለት ተከታዮቹ፣ ከእስራታቸው ተፈትተው ምድርን ያምሷታል፤ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሳይቀር ያንበረክካሉ። ጠባቂው ጥበቃውን ጥሎ ሄዷልና ከተማ ይፈርሳል፤ ሰው ይጎዳል። ክላርክም መንገድ ዳር ባለ አንድ ምግብ ቤት አንድ ጉልበተኛ ደብድቦት ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ደሙን ያያል። ያኔ ጥፋቱ ይገባዋል።

የጎጃም አንባቢ ይህን ሲሰማ ሌላ ታሪክ ትዝ ሊለው ይችላል። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ እንዲሁ በስእለት የታሰረ ሰው ነው። ስእለቱን የተሳለው እርሱ አይደለም፤ ወላጆቹ ናቸው። ክላርክም ሰውን የመጠበቅ አደራውን የተቀበለው ከአባቱ ነው። ሁለቱም በፍቅር ሲያዙ የታሰረላቸውን ማሰሪያ ሊፈቱ ይሞክራሉ። ሐዲስ ግን ጊዜን አልመለሱም። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ዋጋውን እስከ መቃብር ከፈሉ፤ አንባቢውም አብሮ ከፈለ፤ ስለከፈለም አልረሳቸውም።

የሱፐርማን ሁለት ቅጂዎች የሚለያዩት እዚህ ነው፤ ዋጋው ላይ።

ክላርክ የተወውን ኃይል መልሶ የሚያገኝበትን እንመልከት። በሌስተር ፊልም ውስጥ ተጸጽቶ ወደ በረዶ ቤቱ ይመለሳል፤ አንድ አረንጓዴ ብርጭቆ መሳይ ድንጋይ ያበራለታል፤ ከዚያ በኋላ ሱፐርማን ሆኖ እናገኘዋለን። እንዴት ተመለሰለት? ማን ከፈለ? ፊልሙ አይነግረንም። በዶነር ቅጂ ግን አባትየው ይመጣል። ጆር ኤል ከሞተ በኋላም ልጁን እንዲመክር የቀረችውን የመጨረሻ ጉልበቱን ለልጁ ሰጥቶ ለዘላለም ይጠፋል። ልጁ ኃይሉን ሲያገኝ አባቱን ያጣል። ይህ ትዕይንት በገንዘብ ምክንያት ለ26 ዓመት በመጋዘን መቀመጡን ሳስብ ያንገበግበኛል። የፊልሙ ልብ ነበርና። የሌስተር ተመልካች አንድ ነገር በነጻ ሊመለስ እንደሚችል ተነገረው፤ የዶነር ተመልካች የሚመለስ ነገር ሁሉ ከአንድ ሰው ላይ እንደሚወጣ አየ።

እስከዚህ ድረስ ታዳሹ ቅጂ ይበልጣል። ይህን በልበ ሙሉነት እናገራለሁ።

መጨረሻው ላይ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ወንጀለኞቹ ከተሸነፉ በኋላ ሎይስ ምስጢሩን እንዳወቀች ትቀራለች። ትወደዋለች፤ የእርሷ ሊሆን እንደማይችልም ታውቃለች፤ ታለቅሳለች። በሌስተር ፊልም ሱፐርማን ይስማታል፤ በመሳሙም ምስጢሩ ከአእምሮዋ ይጠፋል። በዶነር ቅጂ ደግሞ ምድርን እየዞረ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል። የፈረሰው ይገነባል፤ የተሰበረው ይጠገናል፤ ወንጀለኞቹ ወደ እስራታቸው ይመለሳሉ፤ ሎይስም ማንም ሰውም ምንም አያውቅም። ይህ መጨረሻ በመጀመሪያ የተጻፈው ለሁለተኛው ክፍል ነበር። የመጀመሪያው ፊልም ሲጠናቀቅ ግን ወደዚያ ተዛወረ፤ በዚህ ምክንያት ሁለቱን የዶነር ፊልሞች አከታትሎ የሚያይ ሰው ጊዜ ሁለት ጊዜ ሲመለስ ያያል።

ሁለቱም መጨረሻዎች ሎይስን ሳያማክሩ ትዝታዋን ይወስዳሉ። በዚህ ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው። ልዩነቱ በስፋቱ ነው። በሌስተር ፊልም የጠፋው የአንዲት ሴት ትዝታ ነው፤ የዓለም ቁስል ግን በቦታው አለ። ከተማው ፈርሷል፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህም ሱፐርማን የወደቀውን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት ይሄዳል፤ ለመቅረቱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ዳግመኛም እንደማይጠፋ ቃል ይገባል። ትንሽ ትዕይንት ናት፤ ለእኔ ግን የሌስተር ፊልም ትልቋ ትዕይንት እርሷ ናት። ጠባቂው ጥበቃውን ጥሎ ነበር፤ አሁን መጥቶ አጥፍቻለሁ አለ። በዶነር ቅጂ ይህ ሁሉ የለም። ይቅርታ የሚጠየቅበት በደል ራሱ አልተፈጸመምና ይቅርታም የለም። ያጠፋው ብቻውን ያስታውሳል፤ የተበደሉት ሁሉ ረስተዋል።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚያሳስት የምትነግረን የምግብ ቤቷ ጉዳይ ናት። በሁለቱም ቅጂዎች ሱፐርማን መጨረሻ ላይ ወደዚያች ምግብ ቤት ይመለስና የደበደበውን ጉልበተኛ ይቀጣዋል። በሌስተር ፊልም ይህ፣ በቀል ቢሆንም፣ ስሌቱ ይገጥማል፤ ሰውየው መትቶት ነበር። በዶነር ቅጂ ግን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል። ያ ሰው ገና አልመታውም! ሱፐርማን የደበደበው አንድ ያልሠራውን ነገር የማያውቅ ሰው ነው። ብዙ ተመልካቾች ይህን የታሪክ ስሕተት ነው ብለው ይስቁበታል። እኔ ግን ስሕተቱ እውነት የተናገረ ይመስለኛል። ሌላው እንዲረሳ አድርጎ ራሱ የሚያስታውስ ሰው ፍርድን ብቻውን ይይዛል። ክሱን የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ምስክሩ እርሱ ነው፤ ዳኛውም እርሱ ነው። ተከሳሹ ደግሞ ለምን እንደሚመታ እንኳ አያውቅም። የጋራ ትዝታ በሌለበት ፍትሕ የጉልበተኛ ትዝታ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ካገራችን ልማድ አንዱን ላንሣ። በጎጃም ገጠር ደም የፈሰሰ እንደሆነ ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው ወደ ሟች ወገን ይሄዳሉ። መጀመሪያ ይመለሳሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ፤ እንደገና ይመለሳሉ። ልብ የረገበ ዕለት ገዳይ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ወገን በተሰበሰበበት ይቀርባል፤ አጥፍቻለሁ ይላል፤ የደም ካሳ ይቆረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድም ሰው እንዲረሳ አይጠየቅም። እንዲያውም ሥርዓቱ ሁሉ የተሠራው ነገሩ በአደባባይ እንዲታወስ ነው። ድንጋዩ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ሰው የሚሰበሰበው ለዚህ ነው። በሽምግልና ብዙ ተቀምጠው የነበሩት አያቴ «እርቅ ቁስሉን መርሳት አይደለም፤ ስታስታውሰው እጅህ ጦር እንዳይፈልግ ማድረግ ነው» ይሉ ነበር። ሱፐርማን ከዚህ የሽማግሌ ሸንጎ ፊት ቢቀርብ የሌስተሩ ድንጋዩን ተሸክሞ መጥቷል ይባልለታል። የዶነሩ ግን ሸንጎው እንዳይሰበሰብ ያደረገ ነው።

ይህን የምጽፈው ለፊልም ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃምም ሌላውም የአማራ ክልል በግጭት ብዙ ቁስል አይቷል። ከዚያ በፊትም የሰሜኑ ጦርነት አለ፤ ከዚያም በፊት ሌላ አለ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ በውስጡም እውነትን ማፈላለግ፣ ተጠያቂነት፣ ካሳና በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረት ተዘርዝረዋል። እነዚህ ቃላት ወረቀት ላይ ሲነበቡ የሁሉም ሰው ቃላት ናቸው። በየቡና ቤቱ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ «ያለፈው አልፏል፤ እንርሳውና ወደ ፊት እንሂድ» የሚል። ይህን ንግግር ስሰማ ወዲያው የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ተናጋሪው ወጊ ነው ተወጊ? ተወጊው ራሱ «ልርሳው» ካለ ቸርነት ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ወጊው «እርሳው» ካለ ግን ምድርን ወደ ኋላ ሊያዞር የሚሞክር ሱፐርማን ነው፤ ልዩነቱ የፈረሰው ቤት በእርሱ መዞር የማይገነባ መሆኑ ብቻ ነው።

«መርሳት ጸጋ አይደለምን?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ልጇን የቀበረች እናት ያንን ቀን በየዕለቱ በሙሉ ጉልበቱ ብታስታውሰው መኖር አትችልም። እውነት ነው። ሎይስም በሌስተር ፊልም ሥቃይዋ የሚያሳዝን ነው፤ የሳማትም ሊያሳርፋት ብሎ ነው። ይህን መከራከሪያ አላቃልለውም። ነገር ግን መርሳት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመቃብር ላይ ሣር እንደሚበቅል በገዛ ጊዜው ይመጣል፤ ሣሩን ማንም አልዘራውም፤ ከሥሩም መቃብሩ እዚያው አለ፤ በተዝካሩ ቀን ሄደን እናገኘዋለን። ሁለተኛው መቃብሩን አርሶ እህል እንደ መዝራት ነው። ያችን እናት «ልጅ አልነበረሽም» ብናሳምናት ሐዘኗ ይጠፋል፤ ግን ከሐዘኗ ጋር ልጇም ይጠፋል። ከእናቲቱ ራሷ «ሐዘንሽን ልውሰድልሽ፣ ልጅሽንም አብሬ እወስዳለሁ» ብለን ብንጠይቃት እሺ የምትል አይመስለኝም። ሎይስ ግን አልተጠየቀችም። የበደሉ ሥር ይህ ነው፤ ለእርሷ የሚበጀውን እርሱ ስለ እርሷ ወሰነ።

ታዲያ ዶነር ተሳሳተ፣ ያ ፊልምም ባይታደስ ይሻል ነበር ማለቴ ነውን? አይደለም። የሚገርመኝ ነገር ያለው እዚህ ነው። በዶነር ቅጂ ውስጥ ያለው ሱፐርማን ያደረገውንና የዶነር ቅጂ ራሱ ያደረገውን ለይተን እንይ። ሱፐርማን የመጣው ነገር እንዳልመጣ አደረገ። ታዳሹ ፊልም ግን የሌስተርን ፊልም አላጠፋውም። የሌስተሩ ዛሬም አለ፤ የፈለገ ያየዋል። የዶነሩ ከጎኑ ቆመ እንጂ በላዩ ላይ አልተጻፈም። እንዲያውም ስፌቱን አልደበቀም። ሎይስ ክላርክን በሽጉጥ የምትፈትንበት ትዕይንት ዶነር ሳይቀርጸው ነው የተሰናበተው። ስለዚህ በቦታው የገባው ተዋናዮቹ ለሥራው ሲመረጡ ለሙከራ የተቀረጸው ነው። በአንዱ ምስል ክሪስቶፈር ሪቭ ቀጭን ነው፤ በሌላው ሞላ ያለ፤ ጠጉሩም ይለያያል። ተመልካቹ «እዚህ ጋ የጎደለ ነገር አለ፤ በዚህ ተሞላ» ብሎ በዓይኑ ያየዋል። ፊልሙ ጉድለቱን ይናዘዛል።

ይህም አገራችን የምታውቀው ነገር ነው። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ባሉ የብራና መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም ተፍቆ፣ በላዩ የኋለኛው ባለቤት ስም የተጻፈበት ብዙ ነው። የተፋቀ ብራና ግን ጨርሶ አያብልም፤ ወደ ብርሃን ቢያነሡት የቀድሞው ቀለም ጥላው ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዶነር ላይ የሆነው ይህ ነበር፤ ስሙ ተፋቀ። እ.ኤ.አ. በ2006 የሆነው ግን የሌስተርን ስም በተራው መፋቅ አልነበረም፤ ሌላ ብራና ተዘርግቶ ስሙ እዚያ ተጻፈ። የራሳችን ከተማ ስምም ቢሆን እንዲሁ ነው። መንቆረር የሚባለው ቦታ የቅዱስ ማርቆስ ደብር ከተተከለበት በኋላ ደብረ ማርቆስ ተባለ፤ መንቆረር ግን ከሰው አፍ አልጠፋም። ሁለቱም ስሞች አሉ፤ አንዱ ሌላውን አላሳደደውም።

ከፊልሞቻችንም ምሳሌ አለ። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ንጉሡ በወረዱበት በ1974 እ.ኤ.አ. በጥቁርና ነጭ የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጣሊያን፣ ቦሎኛ በሚገኘው የፊልም ማኅደር ታድሷል። ያ እድሳት ገበሬውን ከጌታው ጭቆና ለማዳን ታሪኩን አልለወጠም፤ አቧራውን ነው የጠረገው። ጭቆናው ይበልጥ ጠርቶ እንዲታይ አደረገ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ለብዙ ሰው ሁለተኛ ቅጂ ሆኗል፤ መጽሐፉን ዛሬ የሚያነብ ሰው በጆሮው የወጋየሁን ድምፅ ይሰማል። መጽሐፉ ግን በድምፁ አልተሰረዘም፤ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስኩበት መለኪያ ይህ ነው። አንድ ነገር ታደሰ፣ ተመለሰ፣ ተስተካከለ ሲባል ምን ተጨመረ ብቻ ሳይሆን ማን እንዲረሳ ተደረገ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የተገፋው ሰው ስሙና ሥራው ሲመለስለት፣ የገፋውም ሥራ በቦታው ቆይቶ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ያ መመለስ ፍትሕ ነው። የተገፋው እንዳልተገፋ፣ የገፋውም እንዳልገፋ ተደርጎ ሲጻፍ ግን በደሉ ለሁለተኛ ጊዜ ተፈጸመ እንጂ አልተሻረም። ዶነርን ያሰናበቱት ሰዎች ያደረጉት እንዳልተደረገ ቢቆጠር ኖሮ፣ ይህን የዶነር ቅጂ ለምን እንደምናየው እንኳ ባላወቅን ነበር። ፊልሙን ክብር የሰጠው 26 ዓመቱ ነው፤ ያንን 26 ዓመት ከላዩ ብታነሡለት ተራ ፊልም ይሆናል።

ሱፐርማን ምድርን ማዞር ይችላል፤ እኛ አንችልም። ባለመቻላችን ብዙ ሰው ያዝናል። እኔ ግን ይህ አለመቻል ሳይጠቅመን አይቀርም እላለሁ። ጊዜን መመለስ የማይችል ሰው የቀረው መንገድ ያችው አስቸጋሪዋ ናት፤ ድንጋዩን ተሸክሞ፣ ተወጊው እያስታወሰ፣ ፊቱ መቆም።